በኪሎ ብቻ አትመዝኑን

ለማኅበረሰብ የምግብ መረቦች በጀት ለምትመድቡ፣ ፈቃድ ለምትሰጡና ሪፖርት ለምትቀበሉ መሥሪያ ቤቶችና ለጋሽ ድርጅቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የድጋፍና የሪፖርት አሠራራችሁ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለትርፍ ባልተቋቋመ የአካባቢ ምግብ መረብ ውስጥ ለዓመታት በአስተባባሪነት የሠራሁ ሰው ነኝ። የምግብ መረብ የምለው በአንድ አካባቢ ያሉ አነስተኛ አምራቾችን፣ ሸማች ቤተሰቦችን፣ የጋራ ማእድ ቤቶችንና በጎ ፈቃደኞችን ያስተሳሰረ፣ ትርፍ ቢያገኝ ለማንም የማያከፋፍል ማኅበርን ነው። አንዳንዱ በየሳምንቱ የአትክልት ሳጥን ያደርሳል። አንዳንዱ አብስሎ ያበላል። አንዳንዱ ከሱቆች የተረፈውን ሰብስቦ ለቸገረው ያካፍላል። ብዙዎቹ ሦስቱንም እንደ አቅማቸው ይሞክራሉ። እናንተ የምታውቁን በዓመቱ መጨረሻ ሞልተን በምንልክላችሁ ቅጽ ነው። ቅጹ ደግሞ በዋናነት የሚጠይቀን ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ኪሎ አከፋፈላችሁ? ለስንት ሰው ደረሰ?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። የሕዝብ ገንዘብ ሰጥቶ ውጤቱን የማይጠይቅ መሥሪያ ቤት ሥራውን አልሠራም። የሚያሳስበኝ መረቡ ውሎ አድሮ ቅጹ የሚጠይቀውን ብቻ ወደ መሥራት ማዘንበሉ ነው። የሚቆጠረው ኪሎ ከሆነ ከባድ ከባዱን እናሳድዳለን። የሚቆጠረው ሰው ከሆነ ወረፋውን እናፈጥናለን፤ ወረፋው በፈጠነ መጠን ሰላምታው ያጥራል፤ ሰላምታው ካጠረ ደግሞ በየሳምንቱ የሚመጣውን ሰው ስሙን እንኳ ሳናውቀው ዓመት ያልፋል። ሪፖርቱ ያምራል። ሰዎቹ ግን እንደመጡ ለየብቻቸው ይመለሳሉ።

ምግብ ለተራበ ሰው መድረሱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አቃልዬ አላይም። ሆኖም የድጋፍ ስምምነቶቻችሁ ሁሉ በመግቢያቸው ላይ ማኅበረሰብን ማጠናከር የሚል ዓላማ አስፍረዋል። የምር ከሆነ፣ እኔም የምር እንደሆነ አምናለሁ፣ ገንዘባችሁም ደንባችሁም ቅጻችሁም ለዚያ ዓላማ እንዲመች ሆኖ ይዘጋጅ። ምግብ ጎረቤታሞችን የሚያስተሳስረው ተቀባዩ በሥራውና በውሳኔው ሲገባበት ነው። በዚህ ደብዳቤ የምለው ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

የማከፋፈያ ቀን ጠዋት ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። መኪናው ሳይነጋ ይደርሳል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣበት ቴርሞሜትር የያዘ ሰው ነው፤ ወተቱና ሥጋው ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሆኖ ካልመጣ አይወርድም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ፤ የበሰለ ምግብም ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከዚያ ሳጥኖቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ሰዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ቲማቲሙን አንድ በአንድ እያነሱ ያገላብጡታል፣ በአውራ ጣት ቀስ አድርገው ይጫኑታል። ጠንካራው ወደ ሳጥን ይገባል። የተሰነጠቀው ግን ያልተበላሸው ዛሬውኑ ወደ ማእድ ቤት ይሄዳል። ውሃ የቋጠረው ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ነው። ሥራው እጅን እንጂ አፍን አይይዝም። ስለዚህ ስለ ልጅ ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ሆስፒታል ስለተኛ ዘመድ የሚወራው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። አንዱ ሥራ እንደፈታ ሌላው የሚሰማው፣ ሌላውም ሰው የሚፈልግ ቀጣሪ የሚጠቁመው እዚያው ነው።

በጠረጴዛው ራስ ላይ የሚቆሙት እናት መጀመሪያ የመጡት ምግብ ሊወስዱ ነበር። ወረፋ ሲጠብቁ ቆይተው "እጄ ባዶውን ከሚቆም ላግዛችሁ" አሉ፤ በዚያው ቀሩ። ብዙም ሳይቆዩ እኛ ያላየነውን አሳዩን። ፎቅ ላይ የሚኖሩ አዛውንት ሙሉ ሳጥን መሸከም ስለማይችሉ ግማሹን ደረጃው ሥር ጥለው ይሄዱ ነበር። አንዲት ትንሽ ምድጃ ብቻ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ለሰዓታት የሚበስለውን ደረቅ ባቄላ ወስደው ለሌላ ይሰጡ ነበር። እርሳቸው ሳጥኑ ለሁለት ቀላል ከረጢት እንዲከፈል፣ ባቄላውም በጋራ ማእድ ቤቱ ተቀቅሎ እንዲታደል አደረጉ። ይህን ማንም የዳሰሳ ጥናት አልነገረንም። በመጋዘኑ መዝገብ ላይ ሁሉም "ተከፋፍሏል" ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በኪሎ ከታየም እውነት ነው።

እንግዲህ እኚህ እናት በቅጻችሁ የት ይግቡ? "ተጠቃሚ" በሚለው ዓምድ ከገቡ "በጎ ፈቃደኛ" በሚለው አይገቡም፤ ሁለቱ ዓምዶች አንድ ሰው እንዳይደገም ተብለው ተለያይተዋል። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አለመቁጠር ለሒሳብ ደግ ነው። እዚህ ላይ ግን መረቡ የቆመለትን ነገር ከዓይናችሁ ይሰውራል። ተቀባይ የነበረ ሰው አካፋይ፣ አካፋይም የነበረ ሰው በቸገረው ቀን ተቀባይ ሲሆን ማየት የሥራችን ዋናው ፍሬ ነው። እናንተ ጋ ሲደርስ ግን ተጣርቶ ይወጣል።

ሐሳብ ከወረፋው እንደሚመጣ የሚያሳይ ታሪክ የዚህ ሥራ ጅማሬ ራሱ አለው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1960ዎቹ በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የተባሉ ሰው በአንድ የነዳያን ምግብ ቤት በበጎ ፈቃድ ያገለግሉ ነበር። ከሱቆች የቆሻሻ ገንዳ የሚበላ ነገር እየለቀመች ልጆቿን የምትመግብ አንዲት እናት፣ የሚጣለው ምግብ የሚከማችበትና የፈለገ የሚወስድበት እንደ ባንክ ያለ ቦታ ቢኖር ስትል ነገረቻቸው። በ1967 ቅድስት ማርያም የምግብ ባንክ ተመሠረተ። በዓለም ላይ የመጀመሪያው የምግብ ባንክ የሚባለው ይህ ነው። የዚያን ጊዜ የምክር አገልግሎት የሰጠች አንዲት የተቸገረች እናት ነበረች።

ይኸው አሠራር በአሜሪካ ሲስፋፋ፣ ቆይቶ ፊዲንግ አሜሪካ የሚል ስም ያወጣው አገር አቀፍ ድርጅት ከትልልቅ ኩባንያዎች የሚለገሰውን ምግብ ለአባል የምግብ ባንኮች በተራ ያድል ነበር። ተራው የደረሰው ባንክ የመጣለትን ይቀበላል ወይም ይተዋል። ማእከሉ እያንዳንዱ ባንክ መጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለው በውል አያውቅም ነበርና ድንች ወደ አይዳሆ የሚላክበት ጊዜ ነበር፤ አይዳሆ ደግሞ በድንች አምራችነቷ የታወቀች ግዛት ናት። በ2005 ከችካጎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ተመካክረው አሠራሩን ለወጡት። ለእያንዳንዱ ባንክ፣ እንደሚያገለግለው የተቸገረ ሕዝብ ብዛት፣ እውነተኛ ገንዘብ ያልሆነ የመግዣ ነጥብ ተሰጠው። በነጥቡ በየዕለቱ የፈለገውን ተጫርቶ ይወስዳል፤ የወጣው ነጥብም ተመልሶ ለሁሉም ይከፋፈላል። ትንንሾቹ ባንኮች እንዳይዋጡ በብድር መጫረት ተፈቀደላቸው። ያን ጊዜ ማእከሉ የማያውቀው ብዙ ነገር ወጣ፤ ሁሉም የሚሻማው ሳይበላሽ ለሚቆይና ለማደል ለሚመች ደረቅ ምግብ ሲሆን፣ አትክልት በብዙ ቦታ ሞልቶ ስለነበር ዋጋው እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ጨረታ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም፤ ለጎረቤታሞች ማኅበር እንዲያውም አልመርጠውም። ተቀባዩ እንዲመርጥ ሲፈቀድለት ግን ያው ምግብ የተሻለ ቦታ ደረሰ፤ ይህ በዚያ ግዙፍ ድርጅት ውስጥ እንኳ የታየ ነገር ነው።

አሁን ወደ ገበሬው ልምጣ፤ ድጋፋችሁ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎድለው እዚህ ነው።

የአነስተኛ ገበሬ ወጪ የሚመጣው ዘር በሚዘራበት ጊዜ ነው፤ ገቢው የሚመጣው አዝመራው ሲደርስ ነው። በመሃል ያሉት ወራት ብድር ናቸው። በረዶ ቢጥል ወይም የገበያው ዋጋ ቢወድቅ ኪሳራው የእርሱ ብቻ ነው። የምግብ መረብ ይህን ክፍተት ሸማቹም እንዲካፈለው ሊያደርግ ይችላል፤ ከተራ ሱቅ የሚለየውም በዚህ ነው። በጃፓን በ1965 ቶኪዮ ሴታጋያ ውስጥ የቤት እመቤቶች ተሰባስበው ወተት በጋራ መግዛት ጀመሩ፤ ሴይካትሱ ክለብ የሚባለው ሰፊ የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚያ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በዚያው አገር ሸማች ቤተሰቦችና ገበሬዎች ያለ ደላላ በቀጥታ የሚተሳሰሩበት ቴይኬይ የሚባለው አሠራር ተስፋፋ። አውሮፓ ውስጥም ተመሳሳይ ሙከራዎች ነበሩ። በ1986 በአሜሪካ ሁለት እርሻዎች፣ አንዱ በማሳቹሴትስ ሌላው በኒው ሃምፕሻየር፣ አባላት የዓመቱን አዝመራ ድርሻ አስቀድመው የሚከፍሉበትን አሠራር ጀመሩ። በ2001 ደቡብ ፈረንሳይ ደረሰ፤ ከዚያም በመላው አገሪቱ አማፕ በሚል ስም ተዛመተ።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የሚይዘው የኒው ሃምፕሻየሩ፣ ቴምፕል ዊልተን የሚባለው እርሻ ነው። እዚያ ለአንድ ሳጥን የተቆረጠ ዋጋ የለም። ገበሬዎቹ በዓመታዊው ስብሰባ የመጪውን ዓመት ወጪ በሙሉ ለአባላት ያቀርባሉ፤ ዘር፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ የራሳቸው መተዳደሪያ፣ ሁሉንም። ከዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ አቅሜ ይህን ያህል ነው ብሎ ቃል ይገባል። ቃሎቹ ተደምረው በጀቱን ካልሞሉ እንደገና ይዞራል፤ የቻለ ይጨምራል። የምግቡ መጠን ከተከፈለው ገንዘብ ጋር አይያያዝም፤ ቤተሰብ የሚያስፈልገውን ይወስዳል። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ገበሬው ለመኖር ስንት እንደሚያስፈልገው ተቀምጦ የሰማበት፣ የጎደለውንም እዚያው የሞላበት ስብሰባ ስንት ስልጠና ይተካል!

እኛም በመረባችን ከዚህ የተማርነው ነገር አለ፤ ወቅቱ ሳይገባ ከአምራቾች ጋር ቁጭ ብለን ማን ምን እንደሚዘራ፣ ስንት እንደምንወስድ፣ ቢጎድል ማን ምን እንደሚሸከም እንጽፋለን። ታዲያ ክፍያው ላይ ስንደርስ የእናንተ ደንብ ይይዘናል። የብዙዎቻችሁ የግዢ መመሪያ ዕቃው ገቢ ሳይሆን ክፍያ አይፈቅድም፤ ከፈቀደም የባንክ ዋስትና ይጠይቃል። ያንን ዋስትና ማምጣት የሚችለው ትልቁ አቅራቢ ነው። ስለዚህ ሳትፈልጉ ትንሹን ገበሬ አስወጥታችሁ ትልቁን ነጋዴ ታስገባላችሁ። ከድጋፉ የተወሰነው እጅ ለቅድመ ክፍያ እንዲውል ፍቀዱልን፤ በዋስትና ፋንታ አባላትና አምራቾች በጋራ የፈረሙበትን የወቅት ስምምነት ተቀበሉ። በረዶ ከጣለ ኪሳራው በስምምነቱ መሠረት በሁላችን ላይ እንዲደለደል ይሁን። ኦዲተር የሚያነበው ሰነድ ይኖራል፤ ገበሬውም መሬቱን ሳይሸጥ ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

ስለ ትርፍራፊ ምግብ ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሏል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በቤት፣ በምግብ ቤትና በሱቅ ደረጃ ተጥሏል፤ ለሸማቹ ከቀረበው 19 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የሚጣለው በየቤቱ ሲሆን የሱቆች ድርሻ 12 በመቶ ነው። ፈረንሳይ በ2016 ባወጣችው ሕግ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱፐርማርኬቶች የሚበላ ምግብ እንዲበላሽ አድርገው እንዳይጥሉ ከልክላ፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር የልገሳ ውል እንዲገቡ አድርጋለች። አሜሪካ ደግሞ በ1996 በቅን ልቦና ምግብ የለገሰ ሰው፣ ከባድ ቸልተኝነት ከሌለ በቀር፣ እንዳይከሰስ የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። እንዲህ ዓይነት ሕግ በሌለበት ለጋሹ መከሰስን ፈርቶ መጣልን ይመርጣልና ሕጉ የሚያስፈልግ ነው። ሆኖም መረብን በትርፍራፊ ላይ ብቻ አታቁሙ። ሱቁ ግዢውን ባሻሻለ ቁጥር የሚተርፈው ይቀንሳል፤ መቀነሱም ለሁላችን በጎ ነው። የእኛ መኖር በሌላው ብክነት ላይ ከተመሠረተ ብክነቱ እንዲቀጥል የምንጸልይ ሰዎች እንሆናለን።

ቀጥሎ ያለው ስለ ደመወዝ ነው፤ ሰው በይሉኝታ የሚያልፈው ጉዳይ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። የበጎ ፈቃድ ሥራ በነፃ የሚገኝ ይመስላችኋል። አይደለም። በጎ ፈቃደኛውን የሚጠራ፣ የሚያሠለጥን፣ ሲቀር ደውሎ ደህንነቱን የሚጠይቅ፣ ሁለት ሰዎች ሲጋጩ መሃል ገብቶ የሚያስታርቅ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አስተባባሪው ነው። እናንተ ግን ለምግብ ግዢ የምትሰጡትን ያህል ለሥራ ማስኬጃ አትሰጡም፤ "አስተዳደራዊ ወጪ" ተብሎ በመቶኛ ይታጠራል። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ሲበላሽ ጥገናው አስተዳደራዊ ወጪ ነው ተብለን እናውቃለን። ማቀዝቀዣ የሌለው የምግብ መረብ ምን ሊያከፋፍል ነው?

ይልቁንም የከፋው የአንድ ዓመት ፕሮጀክት ነው። ውሉ ሲያልቅ አስተባባሪው ይሰናበታል። ይዞት የሚሄደው ነገር በርክክብ ሰነድ አይጻፍም፤ የትኛው ገበሬ በስልክ እንደሚሻል፣ የትኛዋ እናት በሰው ፊት መጠየቅ እንደምታፍር፣ በማን ቤት ሕመምተኛ እንዳለ፣ ማን ከማን ጋር ተቀያይሞ በአንድ ፈረቃ እንደማይመደብ። አዲሱ ሰው ይህን ለማወቅ ዓመት ይፈጅበታል፤ ባወቀ ማግስት የእርሱም ውል ያልቃል። ሰው ሰውን የሚያምነው ቆይቶ ነው። ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል፣ በውስጡም የአንድ አስተባባሪ ሙሉ ደመወዝና የማቀዝቀዣ ወጪ ይኑር። የምግቡን በጀት በጥቂት ቀንሳችሁ እንኳ ይህን ብታደርጉ፣ እኔ በበኩሌ ሳላመነታ እመርጠዋለሁ።

የድህነት ማስረጃ አምጡ የሚለውን ደንብ ደግሞ እባካችሁ አንሱት። ለማን እንደምንሰጥ መጠየቃችሁ ስለገባኝ ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን ደሃ ብቻ የሚገባበት በር ሲኖር፣ በዚያ በር መግባት ራሱ ስም ማሰጠት ይሆናል። ኩሩው ሰው በረሃብ ይቀራል። ያለውም ጎረቤት "ለእነሱ ነው" ብሎ አይመጣም፤ ስለዚህ በመረባችን ሁለቱ አይገናኙም። በብራዚል የቤሎ ኦሪዞንቺ ከተማ በ1993 በከንቲባ ፓትሩስ አናኒያስ ዘመን ምግብ የዜጋ መብት ነው ብላ ራሱን የቻለ ጽሕፈት ቤት አቋቋመች። በከተማዋ የተከፈቱት የሕዝብ ምግብ ቤቶች በድጎማ ዋጋ የሚያበሉት ለመጣው ሁሉ ነበር፤ ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ቤት የሌለው ሰው በአንድ አዳራሽ ይበላሉ። ትሪ ይዞ ከቆመው ማን ደሃ እንደሆነ አይታወቅም። እኛም የቻለ ሙሉ ዋጋ፣ ያልቻለ የሚችለውን፣ ምንም የሌለው ያለ ክፍያ የሚወስድበት አሠራር ስንጀምር ሁሉም ያለ ክፍያ ይወስዳል ብለው ያስጠነቀቁን ነበሩ። እንደዚያ አልሆነም። የሚከፍለው ሰው ለጎረቤቱ እየከፈለ መሆኑን ሲያውቅ ይከፍላል፤ ሒሳቡ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሁሉም ያየዋል።

ስለ ውሳኔ ልጨምር። በ1844 እንግሊዝ ሮችዴል ከተማ ውስጥ ጥቂት ሸማኔዎችና ሠራተኞች ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር የሚሸጥ የጋራ ሱቅ ሲከፍቱ ካጸኗቸው መርሆች አንዱ አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው ነበር፤ ብዙ ገንዘብ ያስገባም አንድ ድምፅ ብቻ አለው። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮምም የጋራ ግጦሽን፣ የመስኖ ውሃንና የዓሣ ማስገሪያን ለረጅም ዘመን ሳያጠፉ የተጠቀሙ ሕዝቦችን አጥንተው፣ ከጥንካሬያቸው ምሥጢሮች አንዱ ደንቡ የሚመለከታቸው ሰዎች ራሳቸው ደንቡን በማውጣትና በማሻሻል መሳተፋቸው መሆኑን አሳይተዋል። የካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ በ1991 ነዋሪዎችና ባለሙያዎች ከከተማው ሹማምንት ጋር ስለ ምግብ የሚመክሩበት ምክር ቤት አቋቋመች። በ2015 ሚላን ላይ ከ100 በላይ ከተሞች የፈረሙት የከተሞች የምግብ ፖሊሲ ስምምነትም እንዲህ ያለውን ተሳትፎ ይጠይቃል። ከእናንተ መካከል የዚህ ስምምነት ፈራሚ የሆናችሁ ትኖሩ ይሆናል።

ስብሰባዎቻችን ሁልጊዜ ያማሩ አይደሉም። የማከፋፈያው ሰዓት ከሥራ መውጫ በኋላ ይሁን ወይስ ጠዋት በሚል ጉዳይ ሙሉ ምሽት ተጨቃጭቀናል። በማታ ፈረቃ የሚሠሩት ጠዋቱን፣ የቀን ሠራተኞቹ ማታውን ፈለጉ፤ ሽማግሌዎቹ ጨለማ ይፈራሉ። አንድ የለጋሽ ተወካይ በዚያ ተገኝተው "ይህን አስተዳደሩ ቢወስን አይቀልም ወይ?" አሉን። ይቀላል። ግን ያን ምሽት የማታ ሠራተኞቹ ለሽማግሌዎቹ ከረጢት እቤታቸው ድረስ ለማድረስ ተስማሙ፤ ይህንን አስተዳደር ሊያዝዘው አይችልም። ሰው የራሱን ቃል የሚጠብቀው ራሱ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ ድጋፋችሁ የቦርድ አባላትን ስብጥር እስከ መወሰን ባይሄድ፣ ይልቁንም ምግቡን የሚወስዱ ሰዎችና አምራቾች በቦርዱ ውስጥ ድምፅ እንዳላቸው ብትጠይቁ ደስ ይለኛል። ለስብሰባ የሚመጡ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት ቦታና የትራንስፖርት ክፍያም በበጀቱ ይግባ፤ ያለዚያ ድምፅ አላችሁ ማለት ወግ ብቻ ነው።

በአንድ ነገር እንዳንሳሳት እፈልጋለሁ። የምግብ መረብ የመንግሥትን ግዴታ አይተካም። በ2024 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት መሠረት በ2023 ወደ 733 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተርቧል። ይህን ጎረቤታሞች ሳጥን በማከፋፈል አይፈቱትም፤ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የሕፃናት ምገባና የማኅበራዊ ዋስትና ጉዳይ ነው። መረቡ አለ ብላችሁ ከዚያ ግዴታ ከሸሻችሁ ለእኛም የማንሸከመውን ትጭኑብናላችሁ፤ ለተራበውም ትበድሉታላችሁ። መረቡ የሚችለው ሌላ ነው። ችግር ሲመጣ ማን የት እንዳለ የሚያውቅ፣ መተማመን ያለው፣ ቁልፍ በእጁ የሆነ ሕዝብ አስቀድሞ እንዲኖር ያደርጋል።

ቅጹ ላይ ምን ይጨመር ትሉኝ እንደሆነ መልሱ ረጅም አይደለም። ምግብ ከሚወስዱት ውስጥ ስንቱ በሥራ ወይም በውሳኔ እንደሚሳተፍ ጠይቁን፤ አንድ ሰው በሁለት ዓምድ እንዲገባም ፍቀዱ። ከእኛ ጋር የሚሠሩ ገበሬዎች ለስንተኛ ዓመታቸው እንደሆነ ጠይቁ፤ የሄዱ ካሉ ለምን እንደሄዱ። በዓመቱ አባላት የለወጡት አንድ ውሳኔ ምን እንደሆነ አጽፉን፤ መልስ ከሌለን ራሱ መልስ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ በእነማን እጅ እንዳለ ጠይቁ። ኪሎውም ይቆጠር፤ አስወጡት አላልኩም። ወደ ቁጥር የማይመጣውን ደግሞ መጥታችሁ እዩት፤ በጉብኝት ሥርዓት ሳይሆን ጠዋት ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ቲማቲም እየለያችሁ።

የሚቀጥለው በጀት ዓመት የድጋፍ መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁን ለመረቦች እንድትልኩ፣ አስተያየት ለመሰብሰብም ቢያንስ አንድ ወር እንድትሰጡን፣ በውይይቱም ላይ አስተባባሪዎች ብቻ ሳንሆን ምግቡን የሚወስዱ ሰዎችና ገበሬዎች እንዲጠሩ እጠይቃለሁ። ስብሰባው ከአዝመራ መሰብሰቢያ ጊዜ ጋር እንዳይገጥም ተጠንቀቁ፤ አለዚያ ገበሬዎቹ አይመጡም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ የአካባቢ ምግብ መረብ አስተባባሪ